የሰፈር ሱቅ ለምን ይወደዳል?

ሱቅ ደርሰን ስንመለስ «አቤት ሲወደድ!» እንላለን። እስቲ ምክንያቱን እንመልከት።

ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብር ከፋብሪካ በገፍ ስለሚገዛ ዋጋ መቀነስ ይችላል። የሆሳዕና ወይም የዱራሜ ባለሱቅ ግን ከጅምላ ሻጭ ጥቂት በጥቂት ይገዛል፤ የመኪናና የተሸካሚም ይከፍላል። ያም ሆኖ ስኳሩን በሩብ ኪሎ መዝኖ፣ ከቤት ብር እስኪላክልን በዱቤ የሚሰጠን እሱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ በመመሪያ ለውጭ ባለሀብቶችም ተፈቅዷል። ትልልቅ መደብሮች እኛም ዘንድ ቢመጡ በዋጋ ሊጠቅሙን ይችላሉ፤ የዱቤ ደብተር የሚከፈተው ግን ለሚያውቁት ሰው ነው። እሱም የሚቆመው ስንከፍል ነው። ሦስት እጩ መምህራን ዱቤያቸውን ሳይዘጉ ተመርቀው ቢሄዱ፣ ባለሱቁ የነገውን ሸቀጥ በምን ይገዛል?

እንግዲህ ሱቁ እንዲቆይልን ከፈለግን፣ ብር ሲደርሰን መጀመሪያ ዱቤያችንን እንዝጋ።