ዛቢያው ይቀየር ወይስ መጥረቢያው?

ጎረቤቴ ጎልፍ የጀመሩት ጡረታ በወጡ በዓመቱ ነው። ዱላዎቹን የገዙት እዚሁ ቨርጂንያ፣ ከሰፈራችን አለፍ ብሎ ያገለገለ ዕቃ በግቢ ከተዘረጋበት ያርድ ሴል ነበር። ሻጩ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው ነበር ይላሉ። ይህ የሻጩ ቁመት ኋላ ነገር ያመጣል።

ባለፈው ጸደይ ልጆቻቸው በአንድ የጎልፍ ዕቃ ሱቅ «ፊቲንግ» አስያዙላቸውና እኔ ሾፌር ሆኜ አብሬ ሄድኩ። ፊቲንግ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቆሞ እንደመለካት ነው። የሚለካው ግን ደረትና ወገብ ሳይሆን ሰውዬው ሲመታ ዱላውና ኳሷ የሚያደርጉት ነው። ከኋላቸው በተቀመጠ ራዳር ፊት አንድ ሰዓት ያህል መረብ ላይ ሲመቱ ቆዩ። ሲጨርሱ በቁጥር የተሞላ ወረቀት ተሰጣቸው፤ የሱቁ ሻጭም ያንኑ ወረቀት እያሳየ ወደ አዲሶቹ ዱላዎች መደርደሪያ ወሰዳቸው። ዋጋውን አይተው ወረቀቱን አጠፉና በአማርኛ፣ «ልጄ፣ እኔ ልለካ እንጂ ልገዛ አልመጣሁም» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሚለካው ሰው የሚሸጠውም እሱ ራሱ ሲሆን፣ ወረቀቱን ለብቻው ማንበብ የገዢው ፈንታ ነው።

አይረን የሚባለው የጎልፍ ዱላ ሲገነጠል ሦስት ነገር ነው፦ የብረት ጭንቅላት፣ ዘንግና የጎማ መያዣ። ዛቢያና መጥረቢያ ማለት ነው። ባላገር ዛቢያው ቢሰበርበት መጥረቢያውን አይጥልም፤ ዶማው ቢደንዝም ወደ ቀጥቃጭ ይወስደዋል እንጂ እጀታውን አይከስም። ከፊቲንግ በኋላ ያለውም ጥያቄ ይኸው ነው፦ ወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች የትኛው በቀጥቃጭ፣ የትኛው በዛቢያ ይድናል? በሁለቱም የማይድንስ የትኛው ነው?

በርካሽ ከሚድነው ልጀምር። የዱላው ሶል፣ ማለትም የጭንቅላቱ የታች ገጽ፣ መሬት ላይ ደልደል ብሎ ሲቀመጥ ዘንጉ ከመሬት ጋር አንድ ማዕዘን ይሠራል፤ ለ7 ቁጥር አይረን 62 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግሊዝኛው ይህን ማዕዘን «ላይ» ይለዋል። ከእኛ «ላይ» ጋር ዝምድና የለውም፣ ጭራሽ መተኛትን ነው የሚያመለክተው። ስለዚህ ጋደላ ብዬዋለሁ። ዘንጉ ለተጫዋቹ ከሚገባው በላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ የዱላው ተረከዝ መሬት ይነካና ፊቱ ወደ ግራ ያያል፤ ከመጠን በላይ ከተጋደመ ደግሞ ጫፉ ይቆፍርና ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ይህ ለቀኝ እጅ መቺ ነው፣ ለግራኝ ይገለበጣል። 2 ዲግሪ ስህተት በ7 ቁጥር 140 ሜትር ላይ ኳሷን ሦስት ሜትር ያህል ከመስመር ያወጣታል። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ዓመት ሙሉ እጁን ሲወቅስ ይከርማል።

የጎረቤቴ ዱላ ሶል ላይ ቴፕ ለጥፈው ከጠንካራ ሰሌዳ ላይ አስመቷቸው። ቴፑ ላይ የቀረው ጥቁር ጭረት ወደ ተረከዙ ተጠግቶ ነበር። ወረቀቱ «2 ዲግሪ ይጋደም» አለ።

ሱቁ ከኋላው የጥገና ጠረጴዛ ነበረው። ባለሙያው የዱላውን ጭንቅላት እንደ ሞርሳ ያለ ማሰሪያ ውስጥ አጥብቆ፣ ከጎኑ ያለውን የማዕዘን መለኪያ አነበበልን። ከዚያ አፉ በናስ የተሸፈነ ረጅም ማንሻ አንገቱ ላይ አስገብቶ እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየን፦ እሳት የለም፣ መዶሻ የለም፣ አንድ ረጋ ያለ ግፊት ብቻ። ለአንድ ዱላ ከ5 እስከ 10 ዶላር ያስከፍላሉ።

ሁሉም ብረት ግን እሺ አይልም። ከለስላሳ የካርቦን ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራ ጭንቅላት በቀላሉ ይታጠፋል፣ ልስላሴው ግን በዚያው መጠን በአጠቃቀም ብዛት እንዲዛባ ስለሚያደርገው በየዓመቱ ማስለካት ይገባል። ቀልጦ በቅርጽ ከተቀዳ ጠንካራ አይዝጌ ብረት የተሠራው ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ በላይ ሲገፋ አንገቱ ሊሰበር ይችላል። ፒንግ የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1959 የመሠረተው የኖርዌይ ተወላጅ መሐንዲስ ካርስተን ሶልሃይም ለዚህ ጋደላ የቀለም ምልክት አበጅቶለታል፤ ዛሬም የፒንግ አይረን ላይ ጥቁር ነጥብ ካየህ መደበኛ፣ ቀይ ከሆነ የተጋደመ፣ ሰማያዊ ከሆነ ቀጥ ያለ ማለት ነው። ያገለገለ ዱላ ለሚገዛ ይህች ነጥብ ከዋጋው በፊት የምትታይ ናት።

ሎፍትም፣ ማለትም ፊቱ ወደ ኋላ የተንጋለለበት መጠን፣ በዚያው ማሽን ይታጠፋል። ዕዳ ግን አለበት፦ ሎፍቱን 2 ዲግሪ ስትቀንስ የሶሉም መነሻ፣ ማለትም የኋላ ጠርዙ ከፊቱ ጠርዝ ዝቅ ያለበት ማዕዘን፣ 2 ዲግሪ ይቀንሳል፣ በዝናብ የራሰ ሣር ላይ ዱላው መንሸራተቱን ትቶ መቆፈር ይጀምራል።

ርዝመት ቀላል ይመስላል፣ ቆርጦ መያዣውን መልሶ ማልበስ ነውና። ግማሽ ኢንች ሲቆረጥ ግን ዱላው ሲወናጨፍ እጅ ላይ የሚሰማው የጭንቅላት ክብደት፣ «ስዊንግ ዌት» የሚሉት፣ ሦስት ደረጃ ይወርዳል፤ ከዲ2 ወደ ሲ9 ማለት ነው። እሱን ለመመለስ ጭንቅላቱ ላይ 6 ግራም ገደማ ይጨመራል። በተጨማሪም ያጠረ ዱላ በ1 ዲግሪ ያህል እንደተጋደመ ሆኖ ይመታል። ባለሙያው ይህን ሲነግረን ነው የያርድ ሴሉ ረጅም ሰው ትዝ ያለን፦ ዱላዎቹ ለእሱ ግማሽ ኢንች ረዝመው፣ ቀጥ ብለው የተሠሩ ነበሩ። ስለዚህ ከተፈለገው 2 ዲግሪ አንዱን መቁረጡ ራሱ ይሠራዋል። መጀመሪያ አጥፎ ኋላ የቆረጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ ማጠፍ የመጨረሻው ሥራ ነው።

ዘንጉ ጋ ስንመጣ ኪስ መከፈት ይጀምራል። የጎረቤቴ ዘንጎች እያንዳንዳቸው 130 ግራም የሚሆኑ፣ ጉልበተኛ ወጣት የሚፈልጋቸው ዓይነት ድርቅ ያሉ ብረቶች ነበሩ። እሳቸው 68 ዓመታቸው ነው። ወረቀቱ 95 ግራም አካባቢ የሆነና ለስለስ ያለ ዘንግ አዘዘላቸው። አሮጌውን ለማውጣት አንገቱን ማሞቅ ይበቃል፣ የያዘው ኢፖክሲ ማስቲሽ በሙቀት ይለቃልና። አዲሱ ሲገባ ማስቲሹ እስኪደርቅ አንድ ቀን ይጠበቃል። ዘንጉ፣ መያዣውና የእጅ ዋጋው ሲደመር ለአንድ ዱላ ከ60 ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ በሰባት ሲባዛ ደግሞ የአዲስ ስብስብ ዋጋ ከሩቅ መታየት ይጀምራል። ሻጩ የሚያሸንፈው እዚህ ቦታ ነው፣ ሒሳቡም ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ጭንቅላቱ አርጅቶ የፊቱ ጭረቶች ካለቁ ወይም ሆዱ ባዶ ሆኖ ሙቀት የማይወድ ዓይነት ከሆነ፣ አዲስ ዘንግ ማስገባት አሮጌ ኮት ላይ የሐር ገበር መስፋት ይሆናል።

ልብስ ሰፊ እጅጌ ያሳጥራል፣ ወገብ ያስገባል፤ ትከሻው አልገጥም ካለ ግን «ሌላ ይግዙ» ይላል። የአይረን ትከሻው ጭንቅላቱ ነው። ከመሃል ፈንጠር ብሎ የተመታን ኳስ የማይምር ትንሽ ጭንቅላት በማጠፍ አይሰፋም። ሶሉ ቀጭን ሆኖ ለሚቆፍር መቺ የማይስማማ ከሆነም እንደዚያው ነው። ወረቀቱ ይህን ካለ መተካት ነው፣ አልከራከርም።

የምከራከረው በርቀት ጉዳይ ነው። ጎረቤቴ የሱቁን አዲስ 7 ቁጥር ሲመቱ ከራሳቸው በ15 ሜትር በለጠና ፊታቸው በራ። ባለሙያው ሁለቱንም መለኪያው ላይ ሲያስቀምጣቸው የእሳቸው 35 ዲግሪ፣ አዲሱ 29 ሆኖ ተገኘ። አዲሱ «7» ተብሎ ቢጻፍበትም ሎፍቱ ከድሮው 6 ቁጥር እንኳ ያነሰ፣ ስለዚህም ኳሷን የሚያርቅ ነው። ማወዳደር በቁጥር ሳይሆን በሎፍት ነው፤ ኳሷ ከምን ከፍታ ወርዳ ስንት ሜትር ተንከባልላ እንደምትቆምም ማየት ይገባል። አዲሱ ስብስብ ደግሞ ሌላ ወጪ ይጎትታል፦ የአጭር ርቀት ዱላው፣ ፒችንግ ዌጁ፣ ሎፍቱ 43 ዲግሪ ከሆነና በቦርሳ ያለው የአሸዋ ዌጅ 56 ከሆነ፣ በመሃል የተከፈተውን ክፍተት የሚሞላ ሌላ ዱላ ያስፈልጋል። ቦርሳው ግን ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ደንብ ከ14 ዱላ በላይ አይሸከምም።

በነገራችን ላይ፣ ዱላውን አዲስ አበባ ይዞ ሊጫወትበት ላሰበ ሰው እነዚህ ቁጥሮች እንደገና ይናጋሉ። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ኳሷ ትረዝማለች፣ መጠምዘዟም ይቀንሳል። ጋደላና ርዝመት ግን የሰውነት ልክ ናቸውና ከቦሌም ወዲያ አይለወጡም።

በመጨረሻ ጎረቤቴ የወሰኑትን እኔም ብሆን እወስነው ነበር። ሰባቱንም ከማሠራት 7 ቁጥሯን ብቻ ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። አዲስ ቀላል ዘንግ ገባላት፣ ግማሽ ኢንች አጠረች፣ 6 ግራም ተጨመረላት። ከዚያ ቴፕ ተለጥፎ ተመታና ጭረቱ ወደ መሃል ሊገባ ትንሽ ሲቀረው 1 ዲግሪ ታጠፈች። ሁለት ሳምንት እውነተኛ ሣር ላይ መቷት፤ የሱቁ ምንጣፍ ከኳሷ በፊት መሬት የነካን ምት እያንሸራተተ ይሸፍናልና፣ ዱላ የሚታወቀው ሜዳ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ስልኬ ጮኸ። «መኪናህን ይዘህ ና፣ ስድስቱን እናደርሳቸው» አሉኝ።