መሪ ወይስ መጋቢ? ስለ ሬዚደንት ሐኪሞች የአመራር ትምህርት

የካናዳ የሐኪሞችና የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ፣ «ካንሜድስ» በተባለው የልዩ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ሥርዐቱ ውስጥ ከተዘረዘሩት ሰባት የሐኪም ግብራት አንዱን፣ ቀድሞ «አስተዳዳሪ» ይባል የነበረውን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 «መሪ» ብሎ ከሰየመው ዐሥር ዓመት አለፈው። ስሙ በተለወጠ ጊዜ ደስ ያላቸው፣ አስተዳዳሪ ማለት በጀትና መዝገብ የሚቈጥር ጸሓፊ ይመስላል ባዮች ነበሩ፤ ነገር ግን በማኅሌቱ ሁሉም መሪጌታ ከሆነ ተቀባዩ ማን ሊሆን ነው? ከዚያው ግብር ሥር የሕዝብን የሕክምና ሀብት በአግባቡ ማዋል አብሮ ተጽፎ ሳለ፣ እኔን ቢጠይቁኝ «መጋቢ» የሚለው የግእዝ ቃላችን ከሁለቱም ይልቅ ይስማማው ነበር።

ነገሩ ከስሙ ይቀድማል። ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889 በባልቲሞር ከተከፈተ በኋላ የቀዶ ሕክምናው አለቃ የሆኑት ዊልያም ሃልስቴድ፣ በጀርመን አገር ያዩትን ሥርዐት አምጥተው፣ ተማሪው ሐኪም ሌሊትና ቀን ከሆስፒታሉ እንዳይለይ (ሬዚደንት ማለትም ነዋሪ ማለት ነውና)፣ ከታች ከሚገቡትም ብዙዎች መካከል ከጫፍ የሚደርሰው አንዱ ብቻ እንዲሆን አደረጉ። እኒህ ታላቅ ሰው ኮኬይንን ለማደንዘዣነት በገዛ ሰውነታቸው ሲፈትኑ የሱስ ምርኮኛ ሆነው፣ ኋላም በሞርፊን ተይዘው፣ ከሥራቸው አዘውትረው ይርቁ ስለ ነበር፣ የኔታ በሌሉ ጊዜ ታናናሾቹን እንደሚያስቀጽል ታላቅ ደቀ መዝሙር፣ ክፍሉን በገቢር የሚመራው ከፍተኛው ሬዚደንት ነበር። የአንጎል ቀዶ ሕክምናን የመሠረቱት ሃርቪ ኩሺንግ ከዚህ ቤት ወጡ። መምህሩ ባለመገኘታቸው አመራርን አስተማሩ ብል ቧልት አይደለም፤ የበሽተኞቹን ዕዳ ግን ማን ቈጠረው?

በ1984 በኒው ዮርክ ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት፣ ሁለት ሬዚደንቶች አልጋዋ ዘንድ፣ የበላያቸው ሐኪም በስልክ ሆነው ሲያክሟት፣ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ዐረፈች። ከዚህ የተነሣ የኒው ዮርክ ግዛት በ1989፣ መላው አሜሪካ በ2003 የሬዚደንቱን ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳያልፍ ወሰኑ። ክርክሩ ሁሉ ስለ እንቅልፍ ሆኖ ቀረ እንጂ፣ በመንፈቀ ሌሊት ታናሹ ታላቁን ያለ ፍርሃት «ይምጡልኝ» የሚልበትን ሥርዐት ማን ያስተምር የሚለው ጥያቄ፣ እርሱም የአመራር ዋና ነገር፣ ተዘነጋ።

ከዚህ ሌላ ያለው ሰነድና ኮሚቴ ነው፤ አሜሪካኖቹ በ1999 ለሬዚደንቶች ባወጧቸው ስድስት የብቃት ዐይነቶች ውስጥ በጤና ሥርዐት ውስጥ መሥራትን አግብተዋል፣ እንግሊዞች በ2011 የሕክምና አመራር ማኅበር አቁመዋል።

በአገራችን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዬል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ፋውንዴሽን ጋር የሆስፒታል አስተዳደርን ለማቅናት ሲጥር፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሙያ የማስተርስ ትምህርት ሲከፈት፣ የተማሩት የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች እንጂ ሬዚደንቶች አልነበሩም። ስለዚህ የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን አለቆች ሆይ፣ ቺፍ ሬዚደንት ብላችሁ የምትመርጡት ሐኪም የተረኞችን ዝርዝር ከመረከቡ በፊት፣ ሰው ማስተባበርንና ጠብ ማብረድን የሚማርበት አንድ ወር ስጡት።