የሕዝብ የዕድሜ ክፍፍል በገበሬው ጎተራና ማሳ ላይ የሚያስከትለው ውጤት

የአንድን ቀበሌ ሕዝብ ብዛት ማወቅ ለልማት ዕቅድ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የሕዝብ ቁጥራቸው እኩል በሆነ ሁለት ቀበሌዎች በአንዱ ሕፃናት፣ በሌላው ጎልማሶች ቢበዙ፣ የእህል ፍላጎታቸውም የሥራ ጉልበታቸውም ይለያያል። በዚህ ጽሑፍ የዕድሜ ክፍፍል በእርሻ ሥራና በኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ የሚያስከትለውን ውጤት እንገልጻለን።

1. የዕድሜ ክፍፍል ምን ያሳያል?

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 45 ከመቶው ከ15 ዓመት በታች፣ 52 ከመቶ ያህሉ ከ15 እስከ 64 ዓመት፣ 3 ከመቶ ያህሉ ደግሞ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። ይህም ማለት ለሥራ በደረሱ በየ100 ሰዎች ላይ ከ90 በላይ ጥገኞች ነበሩ ማለት ነው። በገጠር ሕፃኑ ከብት ይጠብቃል፤ ሽማግሌውም ያርሳል። ስለዚህ ስሌቱ የሸክሙን መጠን ለመገመት የሚረዳ እንጂ ልክ አይደለም።

2. በጎተራ ላይ

ባል፣ ሚስትና 5 ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከ1 ሄክታር 20 ኩንታል ያመርታል እንበል። ለነፍስ ወከፍ በዓመት 2 ኩንታል ቢያስፈልግ 14 ኩንታል ለቀለብ፣ 1 ኩንታል ለዘር ይውላል። የሚተርፈው 5 ኩንታል ነው። ልጆቹ 3 ቢሆኑ ኖሮ 9 ኩንታል ይተርፍ ነበር። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛው፣ ለማኅበሩም ቁጠባ የሚገባው ከዚሁ ትርፍ ነው።

3. በማሳ ላይ

ልጆቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ ጎጆ የሚወጣው ወጣት የወላጁን ይዞታ ይጠብቃል። 4 ጥማድ መሬት ለ5 ልጆች ሲከፈል ለአንዱ 1 ጥማድ እንኳ አይሞላም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የገጠር ሴት በአማካይ 5.2፣ የከተማ ሴት 2.3 ልጆች ትወልድ ነበር። የወሊድ ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ የሠራተኛው ድርሻ ይሰፋል። ሥራ ካገኘ ሀብት ይሆናል፤ ካላገኘ ግን ሥራ ፈት ይበዛል።

4. ምን ይደረግ?

ሀ) የልማት ሠራተኛው የአባወራና የእማወራ መዝገብ ሲሞላ የእያንዳንዱን የቤተሰብ አባል ዕድሜና ጾታ ይመዝግብ።

ለ) መሬት ለሌላቸው ወጣቶች ሰፊ ማሳ የማይጠይቁ ሥራዎች፣ ማለትም ንብ ማነብ፣ ዶሮ እርባታ፣ በግ ማድለብና ችግኝ ማፍላት ይመረጡ።

ሐ) ማኅበሩ ወጣቶችን በአባልነት ይቀበል፤ የዕጣ ክፍያውን በየጊዜው ከፍለው እንዲጨርሱ ይፍቀድላቸው።

መ) ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያንና እማወራዎች በእርሻና በአጨዳ ወቅት ደቦ ይደራጅ።

ሠ) ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር በመተባበር ባልና ሚስት በቤተሰብ ምጣኔ እንዲመክሩ ይደረግ።

ዛሬ ጥጃ የሚጠብቀው የ10 ዓመት ልጅ ከ10 ዓመት በኋላ መሬት ወይም ሥራ ይጠይቃል። ስሙ ከወዲሁ በመዝገባችን ላይ ስላለ መልሱን የምናዘጋጀው አሁን ነው።