«መክተባ» የት ሄደ?



ባለፈው የፈተና ሰሞን፣ ጎፋ ተከራይተን በምናጠናበት ክፍል አንድ ነገር ገጠመን። የቆዩ የፈተና ወረቀቶችንና የደርስ ቅጂዎችን የምናስቀምጥበትን ሰርቨር «መክተባ» ብለን ሰይመነዋል። አንድ ጠዋት ከአምስቱ ኮምፒውተሮች ሦስቱ መክተባን ሲከፍቱ ሁለቱ አልገኝ አላቸው። በዚያው ሳምንት ሰርቨሩን የነካካው ወንድማችን ነበርና «ፋይሎቹን አጠፋብን» ተባለ። ሲጣራ አንድም ፋይል አልጠፋም። የተበላሸው ስሙ ነበር። ወንድማችንን አፉ እንዲለን ጠይቀነዋል።

ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። ስሙን ወደ ቁጥር የሚመልስላቸው ምንጭ ያስፈልጋል፤ ችግሩ ምንጩ ከአንድ በላይ መሆኑ ነው። በሊኑክስ «ሆስትስ» የሚባል ትንሽ ፋይል አለ፤ ከውጭ ደግሞ ዲኤንኤስ የሚባለው የስም አገልግሎት አለ። «ኤንኤስስዊች» የተባለው ፋይል የትኛው ቀድሞ እንደሚጠየቅ ይወስናል፤ ብዙውን ጊዜ ሆስትስ ይቀድማል። በሁለቱ ኮምፒውተሮች ሆስትስ ውስጥ አምና በእጅ የተጻፈ የመክተባ አሮጌ ቁጥር ተቀምጦ ነበር። ሰርቨሩ አዲስ ቁጥር ሲያገኝ ራውተሩ አሮጌውን ለፕሪንተሩ ሰጠው። ልጆቹ መክተባን ብለው የፕሪንተር በር ሲያንኳኩ ከርመዋል!

ይበልጥ ያሳሳተን «ዲግ» የሚባለው ትእዛዝ ነው። በተበላሹት ኮምፒውተሮች ላይ ስንሞክረው ትክክለኛውን ቁጥር ነገረን። ዲግ በቀጥታ የሚጠይቀው ዲኤንኤስን ነው፤ ሆስትስን አያይም። ኮምፒውተሩ ራሱ በሚሄድበት መንገድ የሚጠይቀው «ጌትኤንት ሆስትስ» ነው። ኢስናድ የምንማር ሰዎች፣ መልሱን ብቻ ይዘን «ከማን ተሰማ?» ሳንል መቅረታችን ያሳፍራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በኢንተርኔት መነሻ በአርፓኔት ዘመን የሁሉም ኮምፒውተሮች ስም በአንድ ፋይል ይጻፍ ነበር። ፋይሉን በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም እነ ኤልዛቤት ፋይንለር ይይዙታል፤ ሌላው እየገለበጠ ይወስዳል። ቶሎ ያልገለበጠ በአሮጌ ስም ይሠራል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ አላስኬደም፤ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ዲኤንኤስን ነደፈ። እኛ በአምስት ኮምፒውተር ወደዚያ ዘመን ተመልሰን ነበር ማለት ነው።

ስም ሳይሟላ ሲቀርም ሌላ ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ «ጎፋ» ብንል ታክሲው ወደ ንፋስ ስልክ ይዞን ይሄዳል፤ ሳውላ ላይ ብንል ግን በሐምሌ 2016 የመሬት መንሸራተት የደረሰበትን ዞን ነው የሚረዱት። ኮምፒውተርም አጭር ስም ሲሰጠው በራሱ «የፍለጋ ዶሜይን» ይሞላዋል፤ ይህ ቅንብር ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ከተለያየ አንዱ ስም ሁለት ቦታ ያደርሳል።

አሁን የመክተባን ቁጥር ራውተሩ ላይ ቋሚ አድርገነዋል፤ ስሙም የሚጻፈው እዚያ ብቻ ነው። በእጅ የተጻፉትን መስመሮች ከሆስትስ አጥፍተናል። የኤንኤስስዊችን ፋይል ከአንድ ቅጂ ወደ አምስቱም ገልብጠናል፤ በየወሩም እናመሳክራለን።

የቀረው የየራሳችን ላፕቶፕ ነው። «ይፈጥናል» ብላችሁ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 ያደረጋችሁ እህትና ወንድሞች፣ የጉግል አገልጋይ የእኛን መክተባ አያውቀውም። ወደ ክፍሉ ስትመጡ ወደ አውቶማቲክ መልሱት።