ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ደንብና ስለ አስታማሚዎች ድካም

አውስትራልያ በምትባለው አገር፥ በአደላይድ ከተማ ዳርቻ፥ ኦክደን በሚባለው ሰፈር አእምሮአቸው የታወከ አረጋውያን የሚጠበቁበት የመንግሥት ቤት ነበረ። ይህ ቤት የአረጋውያን መጦሪያ ሊፈጽመው የሚገባውን ሥርዓት ፈጽሞአል ተብሎ በመርማሪዎች ተመስክሮለት ፈቃዱ ታድሶለት ነበር። ነገር ግን የሕሙማኑ ዘመዶች አቤቱታቸውን ደጋግመው ስላሰሙ፥ የደቡብ አውስትራልያ የአእምሮ ሐኪሞች አለቃ ቤቱን መርምሮ በአፕሪል 2017 ያወጣው ጽሑፍ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናቸዋል) ሕሙማኑ ከልክ በላይ ይታሰሩ እንደ ነበረ፥ ጥበቃቸውም እጅግ የጎደለ እንደ ነበረ ገለጠ። ቤቱም በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ፈተናውን ያለፈ ቤት እንዲህ ሆኖ መገኘቱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። ከምክንያቶቹ አንዱ፥ ፈቃድ ለማደስ የሚመጡት መርማሪዎች የሚመጡበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። እንግዳ የሚመጣበት ቀን ከታወቀ ግቢው ይጠረጋል፥ መዝገቡም ይስተካከላል። እኛም በጽሕፈት ሥራ ስለ ኖርን ወረቀት ምን ያህል ታዛዥ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ያሉትን ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ የአገሩ መንግሥት ከጁላይ 2018 ጀምሮ ይህ ምርመራ ሳይነገር በድንገት እንዲደረግ አዘዘ። ዳግመኛም በኦክቶበር 2018 ታላቅ የምርመራ ጉባኤ በንግሥቲቱ ስም አቆመ። ጉባኤው ከሕዝብ ከ10,000 በላይ ጽሑፍ ተቀብሎ፥ ምስክሮችንም በየከተማው ሰምቶ፥ በ2019 ያወጣውን የመጀመሪያ ጽሑፍ በአንድ ቃል «ቸልታ» ብሎ ሰየመው። በማርች 2021 የወጣው የመጨረሻው ጽሑፍ 148 ምክሮችን ይዞአል።

ከነዚህ ምክሮች ሁሉ እኛን ይልቁን ያስገረመን የደቂቃው ነገር ነው። ደካማ ሰው ከአልጋ ተነሥቶ፥ ታጥቦ፥ ለብሶ፥ ወደ ሽንት ቤት ተደግፎ ሄዶ፥ መድኃኒቱን ውጦ፥ ሦስት ጊዜ በልቶ እንደ ገና እስኪተኛ ድረስ የሌላ ሰው እጅ ስንት ደቂቃ ያስፈልገዋል? ይህን የሚጠይቅ ስላልነበረ አንዲት አስታማሚ በአንድ ጧት የማትችለውን ያህል ሰው ተሰጥቶአት ስትሮጥ ትውል ነበር፤ ጉድለት ሲገኝም የምትወቀሰው እርስዋ ነበረች። ዛሬ በሕግ የተወሰነው ልክ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በአማካይ ለአንድ ሰው በቀን 215 ደቂቃ ነው፤ ከዚህም ውስጥ 44ቱ ደቂቃ በሕግ የተመዘገበ ነርስ የሚሠራበት ሊሆን ይገባል። እንደ ሕሙማኑ ድካም መጠን ልኩ በየቤቱ ይለያያል። 215 ደቂቃ ሦስት ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው፤ ከ24 ሰዓት ላይ ሲታይ ብዙ አይደለም።

ደቂቃ የጎደለበት ቦታ ፈጥኖ የሚታወቀው በማዕድ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ነገር ግን ጉሮሮው ለደከመ ሽማግሌ በችኮላ የተሰጠ ጉርሻ ሊያንቀው ወይም ወደ ሳንባው ገብቶ ብርቱ ሕመም ሊያመጣበት ይችላል። አጉራሹ ቁጭ ብሎ፥ የሚጎርሰውን ሰው ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ፥ ጥቂት ጥቂት እየሰጠ፥ የፊተኛው ተውጦ አፉ ባዶ መሆኑን አይቶ ሁለተኛውን ሊሰጥ ይገባዋል፤ ከበላ በኋላም ወዲያው ማስተኛት አይገባም። ይህ ምክር መጦሪያ ቤት ለሌለው ቤተ ሰብም ይጠቅማል። የምግብና የመጠጥ ልስላሴ ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃ የተከፈለበት መለኪያ አለና፥ በአውስትራልያም ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎአል፤ 0 እንደ ውኃ የሚፈስ መጠጥ ነው፥ 7 ማንኛውም ሰው የሚበላው ምግብ ነው። ወጥ ቤቱ አንዱን ደረጃ አዘጋጅቶ አስታማሚዋ ሌላውን ብትሰጥ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ቋንቋ እንዲናገሩ ማስተማር ያሻል።

ደንቡን ለማስፈጸም ከቅጣት ይልቅ ማሳየት የበለጠ እንደሚረዳ በወጥ ቤቱ ነገር ታይቶአል። ማጊ ቢር የተባሉት ስመ ጥር የወጥ ቤት ባለሙያ በ2014 አንድ ማኅበር አቁመው የመጦሪያ ቤት ወጥ ሠሪዎችን ማስተማር ጀመሩ፤ መንግሥትም ለዚህ ትምህርት ገንዘብ ሰጠ። በ2024 ደግሞ በፐርዝ ከተማ በአንድ መጦሪያ ቤት የሠሩት ሥራ በቴሌቪዥን ታየ። ተፈጭቶ የቀረበ ምግብም ቢሆን መልክና ሽታ ኖሮት እንዲቀርብ፥ የሚበላበትም አዳራሽ የሆስፒታል መተላለፊያ እንዳይመስል ማድረግ ይቻላል። የጥራትና የደኅንነት ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ለሠራተኞች ያለ ዋጋ የሚሰጥ ትምህርት አዘጋጅቶአል፤ ስለ ምግብ ብቻ ጥያቄና ቅሬታ የሚቀበል የስልክ መስመርም ከፍቶአል።

መዝገብ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሽማግሌው በ3 ወር ውስጥ ሳይታሰብ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ቢቀንስ ቤቱ ቆጥሮ ለመንግሥት ያስታውቃል፤ 60 ኪሎ ይመዝን የነበረ ሰው 3 ኪሎ ቢቀንስ ማለት ነው። የአልጋ ቁስል፥ መውደቅ፥ ማሰርም እንዲሁ በየ3 ወሩ ይቈጠራሉ። ድብደባ ወይም ሌላ ብርቱ ጉዳት ከደረሰ ከ2021 ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ መነገር አለበት። እንዲህ ያለው ጽሕፈት ጠቃሚ ነው፤ ሚዛኑ ላይ የቆመው ሰው ካልቀለለ ቁጥሩም አይቀንስምና። ነገር ግን አንዱን ነገር በሦስት ቅጽ የሚያስጽፍ አለቃ ያችኑ 215 ደቂቃ ይበላል፤ ይህን የሚቈጥር ግን አላየንም።

አንባቢዎቻችን፥ ወላጅን ከቤት አውጥቶ ለሌላ መስጠት በአገራችን ነውር ስለ ሆነ፥ ይህ ምን ያገባናል ይሉ ይሆናል። ሆኖም በሜልቦርንና በሌሎቹ የአውስትራልያ ከተሞች ካሉት የአገራችን ልጆች በዚህ ሥራ እንጀራቸውን የሚያገኙ አሉ። በአዲስ አበባም መቄዶንያ የሚባለው ቤት ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን መቀበል ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጧሪ ልጅ የሌለው ሰው በየትም አገር አለ።

የአስታማሚዎቹ ደመወዝ ከጁን 30 ቀን 2023 ጀምሮ ከመቶ 15 እጅ ተጨምሮላቸዋል፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ገና ጨምሮአል። አዲሱ የአረጋውያን ሕግም በኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጸንቶአል፤ ከእርሱ ጋራ የወጡት ደንቦች 7 ሲሆኑ አንዱ ለምግብ ብቻ የተመደበ ነው፥ የሚበላውም ሰው ስለሚበላው እንዲጠየቅ ያዛል። የደቂቃውን ልክ ግን ሁሉም ቤቶች አላሟሉም። በየመጦሪያው ቤት ሌሊትና ቀን አንዲት ነርስ እንድትኖር ከጁላይ 2023 ጀምሮ ታዝዞአል፤ በገጠር ነርስ ማግኘት ጭንቅ ስለ ሆነ ከ30 አልጋ የማይበልጡ ሩቅ ቤቶች ከግዴታው ለጊዜው እንዲወጡ መጠየቅ ተፈቅዶላቸዋል፤ ነገር ግን ነርስዋ በሌለችበት ሰዓት ለሕሙማኑ ሌላ የሕክምና መንገድ ማዘጋጀታቸውን አስቀድመው ማሳየት አለባቸው።