በብርቱ ቍር ውጭ ስለ መዋል

የጤነኛ ሰው የውስጥ ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሰውየው በአፋር በረሓ ቢቀመጥ ወይም በሰሜን ዋልታ አጠገብ ቢኖር ይህ ልክ አይለወጥም። ከ35 ዲግሪ በታች የወረደ እንደ ሆነ ሰውየው እንደ ሕመምተኛ ይቈጠራል፤ ከ28 ዲግሪ በታች ሲደርስ ግን ልቡ የአመታቱን ሥርዐት ስቶ በድንገት ሊቆም ይችላል። በምሥራቅ ሳይቤሪያ ኦይምያኮን በምትባለው መንደር በ1933 በፌብሩዋሪ ወር የአየሩ ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 67.7 ዲግሪ ተለክቶ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በዚያች መንደር ዛሬም ሰዎች ይኖራሉ፤ ከብት ያረባሉ፤ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይሰዳሉ። በሰውነታቸው ውስጥና በደጃፋቸው መካከል ከ100 ዲግሪ የበለጠ ልዩነት የሚውልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህንም ልዩነት የሚሸከምላቸው የሥጋቸው ጥንካሬ ሳይሆን ከአባቶቻቸው የተማሩት ጥንቃቄ ነው። «ብርድ ይለመዳል» የሚለው ንግግር ከፊሉ ብቻ እውነት ነው፤ ሰውነት ሙቀትን በሁለት ሳምንት ውስጥ በደንብ ሲለምድ ቅዝቃዜን ግን የሚለምደው እጅግ በጥቂቱ ነው። የሚለመደው አለባበሱና አካሄዱ ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ሁለት ነገር ያስብ። በየዓመቱ የአገራችን ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ካናዳ፥ ወደ ሚኒሶታ፥ ወደ ስዊድንና ወደ ኖርዌይ ይሄዳሉ። እዚያ ክረምት የሚባለው የእኛ የዝናም ወራት ሳይሆን ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ በሚኒሶታ ሚኒያፖሊስ ከተማ በ1ኛው ወር መጨረሻ በ2019 ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ደርሷል። ሁለተኛም በመንዝ፥ በስሜንና በባሌ ሳነቴ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ ነው፤ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ይታያል። የሰውነት ሙቀት በአደገኛ ሁኔታ እንዲወርድ ግን ውሃ መርጋት እንኳ አያስፈልገውም። ልብሱ የራሰና ነፋስ ያገኘው ሰው አየሩ ከዜሮ በላይ 5 ወይም 10 ዲግሪ ሳለ ሊሞት ይችላል።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት ይገባል። ሰውነት በዙሪያው ያለውን ስስ አየር አሙቆ እንደ ልብስ ይለብሰዋል። ነፋስ ይህን የሞቀ አየር እየገፈፈ ይወስደዋል፤ ሰውነቱም እንደ ገና ሌላ ለማሞቅ ይደክማል። አሜሪካዊው ፖል ሳይፕልና ባልደረባው ቻርልስ ፓሰል በ1941 በደቡብ ዋልታ ምድር ሳሉ ውሃ የሞላበት የፕላስቲክ ዕቃ ከቤታቸው ጣራ በላይ ሰቅለው፥ በልዩ ልዩ የነፋስ ኀይል በስንት ጊዜ እንደሚረጋ ለክተዋል። ዛሬ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት ስሌት ከዚያ የመነጨ ሆኖ በ2001 ታርሟል። በዚህ ስሌት መሠረት አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፥ የተገለጠ ፊት የሚያገኘው ቅዝቃዜ ነፋስ በሌለበት ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። እንዲህ ባለ ቀን ያልተሸፈነ ጆሮ ወይም አፍንጫ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። እርጥበት ደግሞ ከነፋስ የባሰ ነው፤ ውሃ ጸጥ ካለ አየር 25 ጊዜ ያህል በፈጠነ ሁኔታ ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል።

እርጥበት ሲባል ብዙ ሰው ዝናምንና በረዶን ብቻ ያስባል። ይሁን እንጂ በብርድ አገር ትልቁ የእርጥበት ምንጭ የራስ ላብ ነው። የኮርያ ጦርነት ለዚህ መራራ ምስክር ነው። በ1950 በኖቬምበርና በዲሴምበር በሰሜን ኮርያ ተራሮች፥ ቾሲን በተባለው የውሃ ማከማቻ አጠገብ፥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪና ከዚያም በታች በወረደበት ጊዜ በሺህ የሚቈጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች እግርና እጃቸው በውርጭ ተመቷል። ተጫምተውት የነበረው የታችኛው ክፍሉ ጎማ የሆነ ቦት ውሃ አያስገባም፤ ነገር ግን ላብም አያስወጣም። ወታደሩ ዳገት ሲወጣ እግሩ በላብ ይርሳል፤ ቆሞ ዘብ ሲጠብቅ ያው ላብ በጣቶቹ መካከል ይረጋል። በተከታዩ ዓመት በ1951 የእኛ ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ዘምቶ የዚያን አገር ክረምት በተራራ ላይ ባሳለፈ ጊዜ ከጠላት ሌላ የገጠመው ባላጋራ ይኸው ብርድ ነበር።

ስለዚህ በብርድ ውጭ የሚሠራ ሰው ላብ ሳያሰጥመው ልብሱን መክፈት፥ ሥራውንም ማዝገም ይገባዋል። ልብሱም አንድ ወፍራም ከሚሆን ይልቅ ብዙ ስስ ቢሆን ይሻላል፤ በየመካከሉ አየር ይይዛልና። በሰሜን አሜሪካ ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይት ካሪቡ ከሚባለው አጋዘን ቈዳ የተሰፋ ሁለት ልብስ ይደርባሉ፤ የውስጠኛው ጠጕር ወደ ገላ፥ የውጭኛው ጠጕር ወደ ውጭ ይሆናል፤ ልብሱም ሰፊ ነው፤ ወደ ቤት ሲገቡ የያዘውን ውርጭ እያራገፉ ይገባሉ። የመንዝ እረኛ የሚለብሰው ደበሎና ከበግ ጠጕር የተሠራው በርኖስ በአሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም። የበግ ጠጕር ቢርስም ጥቂት ሙቀት ይዞ ይቈያል። ጋቢያችን ደረቅ ሳለ መልካም ነው፤ ጥጥ በመሆኑ ግን ውሃ ከነካው ከብርድ ጋር ይተባበራል። በጥምቀት ሌሊት በደጋ አገር ከታቦት ጋር አድረው በማለዳ ጸበል የሚረጩ ልጆች የሚለውጡት ደረቅ ልብስ በቤተ ሰባቸው እጅ ይገኝ ዘንድ ያስፈልጋል። የጫማም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ሁለት ካልሲ ለብሶ እግርን በጠባብ ጫማ ማጨናነቅ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያደርግ ከአንድ ካልሲ የባሰ ብርድ ያመጣል። ሲጃራም የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠባል።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ወጣቶቻችን እምብዛም የማይነገራቸውን ነገር በግልጥ እንጽፋለን። በአሜሪካ ሠራዊት ከኮርያ ጦርነት ጊዜ ጀምሮ፥ በኋላም በእንግሊዝ ሠራዊት የተደረጉ ጥናቶች እንዳስረዱት፥ የአፍሪካ ዘር ያላቸው ወታደሮች ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው በአንድ ቦታ ቢቆሙ ከነጮቹ ይልቅ አብዝተው በውርጭ ይመታሉ። ሰውነት ሲበርደው የጣቶችን ደም ሥር ይዘጋል፤ ጣቶቹ እንዳይሞቱ ግን በየጥቂት ደቂቃው መልሶ ይከፍታቸዋል፤ ይህን ሐኪሙ ቶማስ ልዊስ በ1930 ገልጦታል። መልሶ የመክፈቱ ሥራ በእኛ ዘሮች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የዘገየና የደከመ ነው። ጉዳዩ የጉብዝና ወይም የድካም አይደለም። ወዳጁ ነጭ ጓንት ሳያደርግ ሲሄድ ያየ ኢትዮጵያዊ ተማሪ እርሱን አይቶ ጓንቱን ማውለቅ የለበትም።

ሌላም አለ። የሕክምና መጻሕፍት ውርጭ የመታው ሥጋ መጀመሪያ ይቀላል፥ ቀጥሎም ይነጣል ይላሉ፤ ይህ የተጻፈው ነጭ ቈዳን አይቶ ነው። በጥቁር ቈዳ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ ቈዳው አመድ መስሎ ወይም ግራጫ ሆኖ፥ ሲነካም እንደ ሰም ጠጥሮ ይገኛል። ስለዚህ ከዓይን ይልቅ በእጅ መዳሰስ ይበልጣል። ቈፈን የያዘው ጣት መጀመሪያ በብርቱ ያማል፤ ከዚያ ሕመሙ ይተዋል። ሕመሙ የተወው ስለ ሞቀ ሳይሆን ስለ ደነዘዘ ከሆነ አደጋው የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በውርጭ መመታት ጣትን ያሳጣል፤ የመላው ሰውነት ሙቀት መውረድ ግን ነፍስን ይወስዳል፤ ከሁሉ በፊት የሚነካውም አእምሮን ነው። ሰውየው በመጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጥ ጡንቻ ሙቀት የሚሠራበት መንገድ ስለ ሆነ መልካም ምልክት ነው፤ ነገር ግን ስንቅ ይፈልጋል፤ የተራበ ሰው ብዙ ሊንቀጠቀጥ አይችልም። ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ቍልፍ መቈለፍ ያቅተዋል፤ ይደናቀፋል፤ ያለ ምክንያት ይቈጣል ወይም ዝም ይላል። ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ሲወርድ መንቀጥቀጡ ይቆማል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሙቀት የተሰማው መስሎት ልብሱን ያወልቃል፤ በበረዶ ላይ ራቁታቸውን የተገኙ አስከሬኖች ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እንግዲህ የበረደው ሰው ራሱ «ደኅና ነኝ» ቢል ቃሉ አይታመንም፤ የሚያየው ጓደኛ ያስፈልገዋል። በብርቱ ቍር ሁለት ሁለት ሆኖ መሄድና በየጊዜው የአንዱን ፊት አንዱ መመልከት የወታደሮች ልማድ ነው። አረቄ በዚህ ሰዓት የከፋ መካሪ ነው፤ የቈዳን ደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ እያፈሰሰ፥ ለጠጪው ግን የሞቀው ያስመስለዋል።

በውርጭ ስለ ተመታ ሥጋ ሕክምና ከ100 ዓመት በላይ የቈየ ስሕተት ነበረ። በ1812 ናፖሌዎን ከሞስኮ ሲሸሽ አብሮት የነበረው ታላቁ ቀዶ ሐኪም ላሬ፥ ወታደሮች የረጋ እግራቸውን በእሳት ላይ እያሞቁ ሲያበላሹት አይቶ በበረዶ ማሸትን መከረ። እሳትን መከልከሉ ትክክል ነበር፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማምና። በበረዶ ማሸት ግን በሥጋው ውስጥ የረጋውን ውሃ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ እያንቀሳቀሰ ሥጋውን ይቈራርጠዋል። በ1960 አካባቢ በአላስካ ሐኪሙ ዊልያም ሚልስ የረጋውን አካል በሞቀ ውሃ ፈጥኖ ማሞቅ እንደሚሻል ከብዙ ሕመምተኞች አስረዳ። ውሃው ዛሬ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ እንዲሆን ይመከራል፤ መለኪያ ከሌለ ጤነኛ ሰው ክርኑን አግብቶ ይሞክረው፤ ሞቅ ያለ እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። ቀለበት አስቀድሞ ይውለቅ። አካሉ እስኪለሰልስና መልኩ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይነከራል፤ ሕመሙ ብርቱ ነው። ከዚያ በጣቶቹ መካከል ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይገባል፤ ውሃ የቋጠረው አይፈነዳም። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ እንደ ገና የሚረጋ ከሆነ ባይሞቅ ይሻላል። ሞቆ ዳግመኛ የረጋ እግር አብዛኛውን ጊዜ አይድንም፤ በረጋ እግር ወደ ሰው መኖሪያ መራመድ ከዚያ ያነሰ ጉዳት አለው።

መላ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሰው በዝግታ ይነሣል፤ ልቡ ድንጋጤ አይችልምና አይታሽም፥ አይናወጥም፥ እንዲራመድም አይገደድም። ከመሬት ቅዝቃዜ በሚለይ ነገር ላይ ጋድም ተደርጎ እርጥብ ልብሱ ይወገዳል፤ ደረቅ ይደረብለታል፤ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሞቅ ያለ ስኳር ያለበት ሻይ ይሰጠዋል። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ከብርድ የተረፈውን ከነቤተ ሰቡ የከሰሉ አየር ይገድለዋልና። ትንፋሹ የማይሰማ፥ ልቡም የማይመታ ቢመስል የተማሩ ሰዎች ልብ የማስመታትና ትንፋሽ የመስጠት ሥራ ይጀምሩ፤ ሳይሞቅ ሞቷል አይባልም። በ1999 በኖርዌይ ከበረዶ ሥር በወራጅ ውሃ ውስጥ 80 ደቂቃ የቈየች ሴት ሐኪም የሰውነትዋ ሙቀት 13.7 ዲግሪ ደርሶ ሳለ በትሮምሶ ሆስፒታል ድናለች፤ ወደ ሥራዋም ተመልሳለች።

ጣቱ የጠቈረ ሰው ወዲያው ይቈረጥ ብሎ መቸኰል አይገባም። የሞተውና የሚድነው ሥጋ ተለይቶ የሚታወቀው ከብዙ ሳምንት በኋላ ስለ ሆነ ቀዶ ሐኪሞች ይጠብቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ግን መቸኰል ያስፈልጋል፤ በተመታው አካል ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሙና የጠበቡትን ደም ሥሮች የሚከፍቱ መድኀኒቶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ አይሎፕሮስት የሚባለው በ2024 በአሜሪካ ለዚሁ ሕመም ተፈቅዷል። ደም የሚያሟሟው መድኀኒት የሚጠቅመው አካሉ ከሞቀ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውን የሚያደርሰው ሰው አካሉ የሞቀበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ይስጥ።