ዓሣ አጥማጅ ሊወዳደር ይገባዋልን?

ላባና ክር መንጠቆ ላይ ጠምጥሞ፣ ዝንብ አስመስሎ ዓሣ ማጥመድ በአውሮፓ የቆየ ዘዴ ነው። ብዙዎች የሚወዱት ወንዝ ዳር ስለሚያገኙት ጸጥታ ነው። ታዲያ ውድድር እዚህ ውስጥ ምን ዶለው?

የዓለም ሻምፒዮናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 በሉክሰምበርግ ነው። ተወዳዳሪው የወንዝ ክፍል በዕጣ ይደርሰዋል፤ በ3 ሰዓት ውስጥ የያዘው ዓሣ ርዝመቱ ተለክቶ ከነሕይወቱ ወደ ውሃው ይመለሳል።

ተቃዋሚዎች፣ «ነጥብ የሚቆጥር ሰው ወንዙን አያይም፤ የተለቀቀው ዓሣም ሁሉ አይተርፍም» ይላሉ። እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ የፖላንድና የቼኮዝሎቫኪያ ተወዳዳሪዎች ከባድ መንጠቆ ወደ ወንዙ ወለል አስጥመው በአጭር ክር ሲያጠምዱ ሌሎቹ አይተው ተማሩ። ዘዴው ድንበር የተሻገረው በውድድሩ አማካይነት ነው።

በእኛ አስተያየት ውድድር ቦታ አለው፤ እውቀት ያጋራልና። ግን ነጥቡ የሚለካው የተያዘውን ዓሣ እንጂ ትዕግሥትን አይደለም። እኛም ነገ ክፍል ገብተን ተማሪዎችን በደረጃ ስናሰልፍ ይህን አንርሳ፦ መጨረሻ የወጣው ልጅ ምንም አልተማረም ማለት እኮ አይደለም።